የቆምክበትስ ቆሞ ነበር?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ የምትማረርብኝ በአንድ ነገር ነው። ጎረቤት መጥቶ ገበያ ላይ ያየውን ሲያወራ ወሬውን አስጨርሼው አላውቅም። «የት ቆመህ ነው ያየኸው?» እለዋለሁ። ሰውየው ግራ ይገባዋል። እሷም «አንተ ሰውዬ፣ ምርመራውን መንግሥት አስቁሞሃል እኮ፤ እንግዳውን ተወው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። የደንብ ልብሴንና መለኪያ ሜትሬን ያስረከብኩት በአንድ ቀን ነው፤ ይችን ጥያቄ ግን የሚረከበኝ አላገኘሁም። አሁን ያሉት መርማሪዎች በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ፣ የአደጋውን ቦታ ፕላን በኮምፒውተር ይሥላሉ። ሥራቸው ከኛ ሥራ ይልቅ የጸዳ ነው፤ አልክድም። ይህን የምጽፈው ፎቶ የማይዘው አንድ ነገር ስላለ ነው።

የትራፊክ አደጋ መርማሪ ሆኜ የሠራሁት ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። መጀመሪያ ደብረ ብርሃን፣ ትንሽ ጊዜ ሸዋ ሮቢት፣ የሚበዛውን ዘመኔን ግን እዚሁ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነበርኩ። ስለ ደመወዙ የሚወራ ነገር የለም፤ ልጆች አሳድጎልኛል፣ በቃ። አለቆችም ተፈራርቀውብኛል። አንዱ ደግ ነበር፣ አንዱ ፈሪ፣ አንዱ ደግሞ መዝገብ ከተዘጋለት ሌላው ዓለም ቢዘጋም የማይገደው። ስማቸውን አላነሳም። ስሙ መነሳት ያለበት አንድ ሰው አለ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ኢንስፔክተር ማሞ ናቸው፤ ጋሽ ማሞ ነበር የምንላቸው። የድሮ ፖሊስ ናቸው። መንግሥት ሲለወጥ ተሰናበቱ፤ ኋላ የመኪና ግጭት መርምሮ ፕላን የሚያነሳ ሰው ሲጠፋ ከቤታቸው ተጠርተው ተመለሱ። በአንድ ኪሳቸው ጠመኔ፣ በሌላው ቆሎ ይዘው ነው የሚዞሩት። ሁለቱ እየተቀላቀሉባቸው አንዳንዴ ጠመኔ ያኝኩ ነበር።

ጋሽ ማሞ ምስክርን «ምን አየህ?» ብለው ሲጀምሩ ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ «የት ቆመህ ነበር?» ይላሉ። ሰውየው ቦታውን ሲያሳያቸው ቆባቸውን አውልቀው በብብታቸው ይይዙና እዚያው ይቆማሉ። ምስክሩ አጭር ከሆነ ጎንበስ ይላሉ፤ ተቀምጦ ከነበረም ቁጢጥ። አንድ አናጢ ከጣራ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት ቢላቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው መሰላል አስመጥተው ወጡ። ቀጥላ የምትመጣው ጥያቄ ግን ከሳቸው በቀር ከማንም ሰምቼያት አላውቅም፦ «የቆምክበትስ ቆሞ ነበር?»

ሌላው ጠላታቸው «በፍጥነት» የሚለው ቃል ነው። «መኪናው በፍጥነት ሲመጣ» ብዬ ከጻፍኩ ይሰርዙታል። «ከምን አንጻር? ከዛፉ? ከአህያው? ወይስ ፊት ፊቱ ከሚሄደው መኪና?» ይሉኛል። እኔ መጀመሪያ ላይ የሽማግሌ ነዝናዛነት ይመስለኝ ነበር።

ትርጉሙ የገባኝ በራሴ ሲደርስ ነው። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ በፒክአፕ፣ እኔ መሪው ላይ፣ እሳቸው ከጎኔ ቆመን ሳለ መኪናችን ወደኋላ መንሸራተት ጀመረ። ፍሬን ረገጥኩ፤ አልቆመም። በሁለት እግሬ ተጫንኩት፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ላብ አጠመቀኝ። ጋሽ ማሞ ቆሏቸውን እያኘኩ «መሬቱን እይ» አሉኝ። በሩን ከፍቼ ቁልቁል ባይ፣ ንቅንቅ አላልንም። ይሄድ የነበረው አጠገባችን ቆሞ መስኮቱን ሞልቶት የነበረው አውቶቡስ ነው።

እስኪበቃቸው ሳቁብኝና «ዓይንህ አልዋሸህም» አሉኝ። «እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ያለውን ሰው ብትጠይቀው፣ ያ ፖሊስ ወደኋላ ሲሄድ አየሁት ይልሃል። እሱም አይዋሽም። ማን ከየት ሆኖ እንዳየ ሳትጠይቅ ግን ፍሬን አትርገጥ።» ይህችን ምክር ይዤ ነው መንዝ የወጣሁት። በሚያስፈልገኝ ቀን ግን አላስታወስኳትም።

የመንዝ ብርድ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ኋላ ይለመዳል። ሰዉን ግን ወዲያው ነው የወደድኩት። የመንዝ ሰው ለሚወረወር ነገር ዓይን አለው። በጥምቀት ጉግስ እየተጫወተ ያደገ፣ ከሚጋልብ ፈረስ ላይ የሚሰነዘርበትን ዘንግ በጋሻ ሲመክት የኖረ ነው። የተወረወረውን ከወደቀው አትለይም ብትለው ይስቅብሃል። ኋላ ያሳሳተን ይኸው የምንተማመንበት ዓይን ነው።

ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ በዘመሮ አቅጣጫ አንድ ዳገት አለ። መንገዱ ጭቃ በነበረ ጊዜ እዚያ ዳገት ላይ የቆመ አውቶቡስ ሳይገፋ አይነሳም። ስለዚህ ሾፌሮች አይቆሙም። ዕቃ የሚቀበል ሰው ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ረዳቱ የአውቶቡሱ ጣራ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ወጥቶ ጆንያውን ወደ ጠርዙ ያስጠጋና፣ አውቶቡሱ ከድንጋዩ በታች ያለችውን ጥድ ሲያልፍ ይለቀዋል። ጆንያው ጥዷ ሥር ጭቃው ላይ ዘጭ ይላል፤ ባለቤቱ ከድንጋዩ ወርዶ ያነሳል። በጥዷ ይለቀቃል፣ በድንጋዩ ይቆማል። ማንም በሕግ አልጻፈውም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

ይህ የማወራው አደጋ በደረሰበት ዓመት መንገዱ ጠጠር ለበሰ። አገሩ ተደሰተ፣ ቄሶችም ባረኩት። በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣ የነበረው አውቶቡስ ዳገቱን በሦስተኛ ይወጣው ጀመር። እንዳይቆም ያደረገው ጭቃ ቀርቶ ሳለ አለመቆሙ ልማድ ሆኖ ቀረ። ጥዷና ድንጋዩም ባሉበት ነበሩ።

አቶ ደምሴ የሚባሉ የተከበሩ ገበሬ ለበጎቻቸው ጨው ከደብረ ብርሃን አስጭነው ድንጋዩ ላይ ቆመዋል፤ ጠጠሩ ከለበሰ ወዲህ እዚያ ዳገት ላይ ዕቃ ሲለቀቅ የመጀመሪያው ነው። ልጃቸው ዘውዴ ጨዉን የሚጭንበትን ፈረስ ይዞ አጠገባቸው ነው። አውቶቡሱ መጣ። ረዳቱ ታደለ፣ የዚያው አገር ተወላጅ፣ ጥዷ ጋ ሲደርስ እንደ ወትሮው ጆንያውን ለቀቀ። ጆንያው ግን ጥዷ ሥር አልወደቀም። ድንጋዩ ድረስ ሄዶ የአቶ ደምሴን ደረት መታ። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ዐረፉ።

ነገሩን ያከበደው ሌላ ነው። የታደለ አጎትና አቶ ደምሴ ቀደም ሲል በጓሳ ሣር አጨዳ ተካስሰው ያውቃሉ። በሽማግሌ ታርቀዋል፤ ሰው ግን አልረሳውም።

እኔ ስደርስ ዘውዴ ደም የነካው ጋቢውን እንደለበሰ ቆሟል። «ሳጅን» አለኝ፣ «እኔ ፈረሰኛ ነኝ። የተወረወረ ነገር ሲመጣ አውቃለሁ። ይህ አልወደቀም። እንደ ጦር ነው አየር ላይ የመጣ። ወረወረባቸው።» ሽማግሌዎች አገሩን ሰብስበው እንደ ጥንቱ አውጫጭኝ እያንዳንዱን ሰው አስማሉት። መንገድ ላይ የነበረ ሁሉ ያየው አንድ ነው፤ ጆንያው ከአውቶቡሱ ተነስቶ ወደፊት በረረ፣ ተወርውሯል።

ከአውቶቡሱ በኩል አንዲት ቅቤ ነጋዴ አገኘሁ። በዚያ ጎን በመስኮት ተቀምጣ ነበር። «በመስኮቴ ላይ ነው የወረደ» አለችኝ። «ቁልቁል፣ ቀጥ ብሎ። ወደፊትም ወደኋላም አላለ።» ታደለ ደግሞ ከአንድ ዐረፍተ ነገር በቀር ሌላ አልወጣውም። «አልወረወርኩም፣ ለቀቅኩት።» ደጋግሜ ብጠይቀውም ያንኑ ነው የሚለኝ።

ሜትሬን ዘርግቼ ከጥዷ እስከ ድንጋዩ ለካሁ። የተለቀቀ ዕቃ ይህን ያህል ርቀት ወደፊት አይሄድም አልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ጥዷ ሥር ሲወድቅ የኖረ ጆንያ፣ በዚያ ቀን ብቻ ክንፍ አወጣ? ሴትዮዋን፣ ቅቤዋን ለሚጭንላት ረዳት ወግና ነው ብዬ ገመትኩ። የት ተቀምጣ እንደነበር ጠይቄያታለሁ፤ ሁለተኛዋን ጥያቄ ግን አልጠየቅኩም። አለቃዬም አገሩ ደም ሊቃባ ነውና ቶሎ ጨርስ ብሎኛል። «ወርውሮ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ታደለ ሰው በመግደል ተከሶ መሐል ሜዳ ታሰረ።

ታደለ ለእናቱ አንድ ነው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው ናቸው። የኔ ወረቀት ገዳይ ካለው በኋላ ደጃቸውን የሚረግጥ ጠፋ። ቤቱን በላያቸው ያቃጥሉታል ብለው የፈሩ ዘመዶቻቸው መርሐቤቴ፣ ቆላ ወዳሉ ወገኖቻቸው አወረዷቸው። ከጓሳ ብርድ ወጥተው የማያውቁ ሴት ናቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መዝገቡን ይዤ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። ጋሽ ማሞ ሊሰናበቱ ተቃርበው ነበር። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የመንገዱ ሰዎች የት ቆመው ነበር?»

«መሬት ላይ።»

«ሴትዮዋስ?»

«አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ።»

«የተቀመጠችበትስ ቆሞ ነበር?»

ጎንበስ ብዬ መዝገቡ ላይ የሴትዮዋን ቃል ፈለግኩ።

«እንግዲህ ሁለቱንም ውሸታም ሳታደርግ አስታርቃቸው» አሉኝ። «ጆንያው ከመለቀቁ በፊት ከማን ጋር ነበር የሚሄደው?»

«ካውቶቡሱ ጋር።»

«ሲለቀቅ ማን ቁም አለው?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጆንያው ወደ ታች እየወረደም ከአውቶቡሱ እኩል ወደፊት ይሄድ ነበር። አብራው ለምትሄደው ሴት ቁልቁል ብቻ ወረደ፤ መሬት ላይ ለቆመው ሰው በረረ። በጭቃው ዘመን አውቶቡሱ እንደ ኤሊ ስለሚሄድ ጆንያው ከጥዷ ብዙም አይርቅም ነበር። ጠጠሩ ሲመጣ አውቶቡሱ ፈጠነ፤ ጆንያውም አብሮ ፈጠነ። ታደለ ከወትሮው የተለየ አንድም ነገር አላደረገም፤ የሞት ምክንያት የሆነውም ይኸው ነው።

ጋሽ ማሞ መዝገቡን መልሰው ሰጡኝ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ። «ሮጠህ ነው የጻፍከው። አሁን ግን ቀስ ብለህ ፍታው፤ ሰው ታስሮበታል።»

ተመልሼ ሁሉንም እንደገና ለካሁ፣ ሴትዮዋን እንደገና ጠየቅኩ፣ የቀድሞው ቃሌ ስሕተት እንደነበር ጽፌ ለዐቃቤ ሕግ ሰጠሁ። አለቃዬ ተቆጣ፤ ይቆጣ። ክሱ በቸልተኝነት ሰው ወደ ማጥፋት ዝቅ እንዲል ተወሰነ፤ ሾፌሩም ተጨመረበት። ይህን ለታደለ ልነግረው ማረሚያ ቤት በሄድኩበት ቀን እሱ ሌላ ነገር ሰምቶ ጠበቀኝ። እናቱን ቆላ ወባ ይዟቸው ሞተዋል። እዚያው ቀብረዋቸዋል።

ስለዚህ ነገር ብዙ መጻፍ አልችልም። ክስ ይሻሻላል፤ መቃብር አይሻሻልም። እኚያ ሴት በኔ አንድ ቃል ከአገራቸው ወጥተው ቀሩ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ታደለ አልሰደበኝም። «ሳጅን፣ ለእናቴ ብቻ ቀድመው ቢነግሩልኝ» ነበር ያለኝ።

ገና ሌላ ሞት ደጅ ቆሞ ነበር። ታደለ ቀላል ፍርድ ተፈርዶበት መውጣቱ አይቀርም፤ ሲወጣ ደግሞ ዘውዴ እንደሚጠብቀው አገር ያውቃል። ሽማግሌዎች ለእርቅ ቢለምኑት እንዲህ ነበር መልሱ፦ «ወድቆ ቢሆን ደሙ ይደርቅ ነበር። ወረወረው እንጂ አልወደቀም። የተወረወረ ደም አይደርቅም።» አዲሱን ወረቀት አነበብኩለት። እስኪያልቅ ሰማኝና «ወረቀቱ እዚያ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ» አለ። እኔም ብሆን በቦታው ከነበርኩ ወረቀት አላምንም።

ሌሊቱን አሰብኩበት። ዘውዴን ማሳመን የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ራሱ ዘውዴ። ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። ዋናው ሽማግሌ ጺማቸውን እያሻሹ «እሽ ይላል?» አሉ። «እናንተ ካላችሁት» አልኩ። እሽ ያለውም ለኔ ብሎ አይደለም፤ ለሳቸው ካለው አክብሮት ነው።

አንድ ጠዋት ጭጋጉ ሲገለጥ ዳገቱ ላይ ተሰበሰብን። ያኔ በመንገዱ ላይ የነበሩትን ሰዎች ቆመውበት በነበረው ቦታ አንድ በአንድ አቆምኳቸው። ድንጋዩ ላይ ማንም አልወጣም። ስልቻ አፈር ሞልቼ ለዘውዴ ሰጠሁት። «በቦራ ፈረስህ ከሥር ጀምረህ ሽምጥ ጋልብ። ስልቻውን በትከሻህ ልክ ከጎንህ ያዝ። ጥዷ ጋ ስትደርስ እጅህን ክፈት። አትወርውር፣ ልቀቅ ብቻ» አልኩት።

«እና ምን ሊሆን ነው? ጥዷ ሥር ይወድቃላ» አለኝ።

«ይውደቅ። ወድቆ ካየህ እኔ ሁለተኛ ደጅህ አልመጣም።»

ቁልቁል ወርዶ ፈረሱን አዞረ። ጋቢውን ወገቡ ላይ አጥብቆ መጣ። እንዲህ ሲጋልብ ያየ ሰው ፈረስና ፈረሰኛውን አይለይም። ጥዷ ጋ ሲደርስ እጁን ከፈተ። ስልቻው ግን ጥዷ ሥር አልወደቀም። አየር ላይ ወደፊት ሄዶ፣ ሄዶ፣ ድንጋዩ እግር ሥር ተመትቶ ፈነዳ።

«ወረወረው» አሉ ሽማግሌው። ከኋላቸውም ሰዉ ሁሉ «ወረወረው፣ ወረወረው» አለ።

ዘውዴ ፈረሱን ገትቶ ዞረ። ፊቱ በቁጣ ቀልቷል። «ኧረ አልወረወርኩም» አለ፣ «ለቀቅኩት።»

ያቺን ዐረፍተ ነገር ከሰው ሁሉ አስቀድሞ የሰማት እሱ ራሱ ነበር፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ከፈረሱ ወርዶ ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አለ። የተበተነውን አፈር በእጁ ይሰበስብ ጀመር።

በማግሥቱ ጠዋት ቢሮዬ መጥቶ «ማረሚያ ቤት ይውሰዱኝ» አለኝ። መሣሪያ አለመያዙን ሳልፈትሽ አወቅኩ፤ ወሰድኩት። ታደለ ከአጥሩ ማዶ መጥቶ ሲያየው ወደኋላ አለ።

«አይዞህ» አለው ዘውዴ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። ከላይ ሆነህ እንዴት ነበር የታየህ?»

ታደለ ወደኔ አየ። በአንገቴ ንገረው አልኩት።

«ጆንያው ከእጄ ሥር ቀጥ ብሎ ወረደ» አለ ታደለ ቀስ ብሎ። «የትም አልሄደ። አባትህ ናቸው ከነድንጋያቸው ወደሱ የመጡ። ዞር ይበሉ ብዬ ጮህኩ፤ አልሰሙኝም።»

ዘውዴ አጥሩን በእጁ ያዘ።

«ለኔም ትናንት ድንጋዩ ነው የመጣ» አለው።

ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ቆቤን አውልቄ በብብቴ ያዝኩና ባለሁበት ቆምኩ።